ለጎረቤት ያልሸተተ ቡና

እናቴ ባለፈው ጥር ለዓይኗ ሕክምና ከስማዳ መጥታ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ሦስት ሳምንት ሰነበተች። በመጣች በማግስቱ ጠዋት ፍሪጁን ከፍታ ስትጎረጉር ቆየችና ጥቁር ውሃ የሞላበት የመስታወት የማር ዕቃ ይዛ ወጣች።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ? ጥንስስ ነው?»

«ቡና ነው እማዬ። በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያደረ።»

«ሳይፈላ?»

«ሳይፈላ።»

በሲኒ ቀዳሁላት። ፉት ብላ ትንሽ አሰበች። «አይመርም፤ ለስላሳ ነው» አለች። ዓመት ሙሉ የተለማመድኩት ሙያ ስለሆነ ደስ አለኝ። ከዚያ ሲኒውን አስቀመጠችና፣ «ታዲያ ጎረቤት በምን ያውቃል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቡና መኖሩን ነዋ! አይሸት፣ አይጨስ። በምን አውቀው ይመጣሉ?»

«አይመጡማ እማዬ። ብቻዬን ነው የምጠጣው።»

ምንም አላለችም። ዕቃውን ወደነበረበት መለሰችና ፍሪጁን ቀስ ብላ ዘጋችው። የመለስኩላት እውነቱን ነው፤ ግን ያን ቀን ሙሉ የሆነ ነገር እንደሰረቀ ሰው ቅር ሲለኝ ዋለ። ይህን የምጽፈው ለምን ቅር እንዳለኝ ለማወቅ ነው። ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ አዘጋጅቶ፣ ማንንም ሳይነካ ብቻውን ቡና ቢጠጣ ምን አጠፋ?

*

አሠራሩን ላስቀድም፤ ጥያቄው ያለው እዚያው አሠራሩ ውስጥ ነውና። 100 ግራም የተቆላ ቡና እንደ ቅንጬ ሸካራ ተደርጎ ይፈጫል። ለጀበና እንደምናደርገው ከደቀቀ ይደፈርሳል፣ ይመራልም። በላዩ 800 ሚሊ ሊትር ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል፤ ዱቄቱ ሁሉ እንዲርስ በማንኪያ ይማሰላል፤ ተከድኖ 16 ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ከ12 ሰዓት በታች ከሆነ ውሃ ውሃ ይላል፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ ደግሞ እንጨት እንጨት ማለት ይጀምራል። ከዚያ በወንፊት፣ ቀጥሎም በንጹህ ጨርቅ ይጠለላል። ጨርቁን መጭመቅ አይገባም፤ የታችኛው አተላ አብሮ ይወርዳል። የሚወጣው ወፍራም ስለሆነ እኩል ውሃ ጨምሮ መጠጣት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል።

የልስላሴው ምክንያት ውሃው ነው። የፈላ ውሃ ቡናው ውስጥ ያለውን ጎምዛዛውንም፣ መራራውንም፣ ዘይቱንም፣ መዓዛውንም በጥቂት ደቂቃ መንጭቆ ያወጣዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ዘገምተኛ ነው። ጣፋጩን ይወስዳል፣ ካፌይኑንም ጊዜ ካገኘ ይወስዳል፤ ከሚጎመዝዘውና ከሚመረው ግን ብዙውን እዚያው ትቶት ይወጣል። መዓዛውም በእንፋሎት ተነስቶ ቤቱን አይሞላውም። አዲስ ነገር አይደለም፤ በጃፓኗ ኪዮቶ ጠብታ በጠብታ የሚወርድ ቀዝቃዛ ቡና የታወቀ ነው፤ አሜሪካ ውስጥም ቶድ ሲምፕሰን የተባለ የኬሚካል መሐንዲስ «ቶዲ» የሚባለውን የቤት መዘፍዘፊያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እኛ ከተማ ካፌዎች ውስጥ ደግሞ «ኮልድ ብሩ» ተብሎ በረዶ ገብቶበት ይሸጣል።

ለእኔ ኑሮ የተመቸ ነው። ማታ ዘፍዝፌ እተኛለሁ፤ በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አጠላለሁ። ከሰል የለም፣ ረከቦት የለም፣ የሚታጠብ ሲኒ የለም። ቡናው በእኔና በፍሪጁ መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

*

እኛ አገር ቡና እንደዚህ በሁለት መካከል አያልቅም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ጉናን ከበው የተቀመጡ ናቸው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫም ስሟ የሚናገረውን ታውቅበታለች፤ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ነፋሱን የምትቀበል ከተማ ናት። ደጋው የገብስ፣ የድንችና የባቄላ እንጂ የቡና አገር አይደለም። ወደ በሽሎና ወደ አባይ የሚወርደው ቆላም ቢሆን በማሽላው እንጂ በቡናው አይታወቅም። ቡና ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል። በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ገበያ በትንንሽ መስፈሪያ ተሰፍሮ ይገዛል፤ ዶሮና እንቁላል የተሸጠበት ገንዘብ የሚሄደው ወደ ጨውና ወደ ቡና ነው። ባለ ሴፍቲኔቱም ቤት ቢሆን ቡና አይታጣም፤ ከታጣ ችግሩ ከረሃብ እኩል ይወራል።

በውድ የተገዛ ነገር ይደበቃል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ቡናን ግን መደበቅ አይቻልም። ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ ሽታው አጥር ዘሎ ይሄዳል። የሙቀጫው ድምፅ ደግሞ ሽታው ያልደረሳቸውን ይቀሰቅሳል። ልጅ እያለሁ ሥራዬ መላላክ ነበር። «ሂድ፣ ቡና ጠጡ ብለህ ና!» እባላለሁ። እነሱ ቤት ስደርስ ነጠላቸውን አደግድገው ሊወጡ ሲሉ አገኛቸዋለሁ። ሽታው ቀድሞኝ ነግሯቸዋል፤ የእኔ መሄድ ለወጉ ነው።

ዛሬ ሳስበው ያ ቡና የስም መጥሪያም ነበር። አንዲት ሴትዮ ከአቦሉ ከቀረች፣ «ምነው ቀረች? አሟት ይሆን?» ይባላል። ከቶናው ከቀረች ልጅ ይላካል። እስከ በረካው ወሬዋ ካልመጣ ከሴቶቹ አንዷ ራሷ ተነስታ ትሄዳለች። የወለደች፣ የታመመች፣ ባሏ የመታት፣ እህል ያለቀባት ሁሉ የሚታወቀው እዚያ ነው። ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ ቡና ነው የሸተተው።

*

አፍላጦን «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ስለ አንድ የልድያ እረኛ የሚያወራ ተረት አለው። እረኛው ከተሰነጠቀ መሬት ውስጥ አንድ ቀለበት ያገኛል። የቀለበቱን ፈርጥ ወደ መዳፉ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። መሰወር እንደሚችል ባወቀ ጊዜ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ንግሥቲቱን አሳሳተ፣ ንጉሡን ገደለ፣ መንግሥቱን ወሰደ። እኛም አገር ደብተራ መሰወሪያ ያውቃል ሲባል ሰምተን ስላደግን ነገሩ አይገርመንም። ተረቱ የሚጠይቀው ግን ከባድ ነው። ሰው ደግ የሚሆነው ደግ ስለሆነ ነው ወይስ ስለሚታይ? ሁለት ቀለበት ቢኖርና አንዱን ለጻድቅ፣ አንዱን ለኃጥእ ብንሰጥ በተግባራቸው ይለያያሉ?

የእኔ የመስታወት ዕቃ ያ ቀለበት ነው። ማንንም አልገደልኩበትም። ነገር ግን ቡና ይዤ ከጎረቤት ዓይንና አፍንጫ የምሰወርበት ዕቃ ነው። የቀለበቱ ጥያቄ ደግሞ ወደ ኋላም ይዞራል። የእናቴና የጎረቤቶቿ ደግነት የጭሱ ሥራ ከሆነ፣ ማለትም መደበቅ ስላልቻሉ ብቻ ከተጠራሩ፣ እሱን ደግነት ማለት ይቻላል? ምናልባት እነሱም መሰወሪያ ቢያገኙ እንደ እኔ ይሆኑ ነበር። ከተማ ገብቶ በር ዘግቶ የሚኖረው ሰውም ከሌላ አገር የመጣ ሳይሆን የእነዚያው ሴቶች ልጅ ነው።

እንዲህ እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ቆሜ ነበር። ቅርታዬ ናፍቆት እንጂ ጥፋት አይደለም ብዬ ልዘጋው ስል ግን ሌላ ነገር መጣ።

በመጣች በሦስተኛው ቀን እናቴ ከገበያ ጥሬ ቡና አስገዝታ፣ ከሰል አስፈልጋ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ ቆላች። እኔ ሥራ ነበርኩ። ማታ ስገባ ወሬውን ጀመረችልኝ። ፊት ለፊታችን ያሉት ሽማግሌ ሽታው ጠርቷቸው በራቸውን ከፍተው ብቅ ብለዋል፤ «ኑ ይግቡ» ብላቸው ገብተው ሦስቱንም ጠጥተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ስምንት ወራቸው ነው።

«ለቅሶ ደርሰሃል አይደል?» አለችኝ።

አልደረስኩም። አራት ዓመት ፊት ለፊት ኖረናል፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ የመኪናቸውን ታርጋ ቁጥር ሳይቀር አውቃለሁ። ያኔ ግንቦት ውስጥ ግቢው ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የሌላ ብሎክ መስሎኝ በአጠገቡ ሦስት ቀን አለፍኩ። የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ያን ሰሞን ማታ ማታ ምን እሠራ እንደነበር ጠንቅቄ አስታውሳለሁ። የውሃውንና የቡናውን ልክ እየቀያየርኩ ልስላሴውን እፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ የጠበቃነቴ ክርክር ፈረሰ። የእናቴ ደግነት ከልቧ ይሁን ከጭሱ መለየት አልችልም፤ ሽማግሌው ግን ያ መለየት አያስፈልጋቸውም ነበር። የሚያስፈልጋቸው በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነበር። ደግነት ንጹህ ነው አይደለም ብሎ መመራመር ቡናውን በቀዝቃዛ ውሃ እንደመዘፍዘፍ ነው፤ ለስላሳ ሐሳብ ይወጣዋል፣ የሚመረው ግን እታች ይቀራል።

*

ይሁንና «እንግዲያው ወደ ጀበናው እንመለስ» ብዬ ብጨርስ ሐሰተኛ ነኝ። ስለ ቡና ሥርዓታችን በናፍቆት የሚጽፉ ወንዶች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ሃያ ዓመት እቤት ስኖር አንድ ቀን ቡና ቆልቼ አላውቅም። አንድ ሲኒ አጥቤ አላውቅም። እንጨት ባነሰበት ደጋ ኩበት እየነደደ፣ ጭሱ ዓይን እየቆጠቆጠ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የምትቆላው እናቴ ናት። ውሃው ከምንጭ በእህቴ ጀርባ ይመጣል። ቡና ሲፈላ የትምህርት ሰዓት የሚያልፍባት እሷ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

እናቴ አዲስ አበባ የመጣችው ለዓይኗ ነው ብያለሁ። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይወጋታል። ሐኪሙ የዓይን ማዝ ያመጣው ነው አሉ፤ ደቡብ ጎንደርን ሲያሰቃይ የኖረ በሽታ ነው። እሷ ግን «ጭሱ ነው» ትላለች። በሽታው የጭሱ ባይሆንም በታመመ ዓይን ጭስ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ያ ሁሉ ጉርብትና፣ ያ ሁሉ የስም መጥሪያ የተከፈለው በአንድ ሰው ዓይንና ወገብ ነበር። ቀዝቃዛውን ቡና ማንም ሳያገለግለኝ በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያ ቡናዬ መሆኑንም መካድ አልችልም። በዚህ በኩል ዕቃው ከጀበናው ይልቅ ፍትሐዊ ነው።

ይህንኑ ነገርኳት። «አንቺ ጭስ ላይ እየተቀመጥሽ እኛ እንጫወት ነበር። ደግ ነገር አልነበረም» አልኳት። ሳቀችብኝ።

«ጭሱን ማን ይወዳል ብለህ ነው? ግን እኔ ቁጭ የምለው መቼ ነበር? ቡና ላይ ብቻ ነው። ተነሺ፣ ፍጪ፣ ቅጂ የሚለኝ የለም። ቡና ይዛለች ይባላላ! ጭሱን ውሰድልኝ፤ ቁጭታዬን ግን እንዳትወስድብኝ።»

ይህን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ሥራው እስር ሆኖ ሳለ የዕረፍቷም ፈቃድ እሱው ነበር። ስለዚህ ድካሙን ስናስቀር አብሮት የሚሄደውን አይተን ካልያዝነው፣ ከሴቶቹ ላይ ሸክም አውርደናል ብለን መቀመጫቸውን እንነጥቃቸዋለን።

*

«ባህል ተነካ» የሚለውም ክርክር ብዙ አይራመድም። የደጋው ክርስቲያን ቡናን የተቀበለው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ለረጅም ዘመን ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በካህናቱ ሲወገዝ ኖሯል። ነገሩ እየላላ የሄደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ስለነበርና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ስለጣሩ። ስለዚህ የቅድመ አያቶቼ ወላጆች እናቴን ጀበና ይዛ ቢያዩዋት፣ እሷ የእኔን ዕቃ ካየችበት ዓይን በባሰ ያዩዋት ነበር። ዛሬ ደግሞ ማርያምን ጠርታ የምትመርቅበት ሦስተኛው ሲኒ በረካ ይባላል፤ ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ፣ ትርጉሙም በረከት የሆነ ቃል ነው። ወግ ተቀይሮ፣ ቃሉ ከጎረቤት ሃይማኖት ሰዎች ተወስዶ፣ መጠራራቱ ግን እየጠነከረ መጣ። መልኩ ሲቀየር የሚጠፋ ነገር ቢሆን ኖሮ እኛም ጋ ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ስለ ፍል ውሃና ስለ ቀዝቃዛ ውሃ አይደለም። ጭሱ ሳንወድ በግዳችን ይሠራልን የነበረውን ሥራ ጭሱ ሲጠፋ ማን ይሠራዋል የሚለው ነው። ብቻዬን ቡና መጠጣቴ ኃጢአት ነው አልልም። ግን ድሮ ለመደበቅ ጥረት ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ላለመደበቅ ነው ጥረት የሚጠይቀው። ምንም ባላደርግ ድሮ ጎረቤቴ ያውቅልኛል፤ ዛሬ ምንም ባላደርግ እረኛው ነኝ፣ ቀለበቱ እጄ ላይ ነው። «ማንንም አልነካሁም» የሚለው መልሴ የማያጽናናኝ ለዚህ ነበር። እውነት ነው፣ ማንንም አልነካሁም። ፊት ለፊቴ የሚያለቅስ ሰው እያለም አልነካሁም።

ዕቃው ደግሞ አንድ ነገር ሰጥቶኛል፤ 16 ሰዓት። ከዚያ ውስጥ በር ለማንኳኳት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

*

እናቴ ዓይኗ ታክሞ ከመመለሷ በፊት አንድ ማታ ቡናውን አጥልዬ አተላውን ልደፋ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልደፋው ነዋ፤ አልቋል።»

አሸተተችው። «የት አለቀ! ይሄማ ገና ቶና አለው» ብላ ውሃ ጣደች። አተላውን ጨምራ አፈላችው። ልክ ነበረች፤ ቀዝቃዛው ውሃ የተወውን ሙቁ አወጣው። ቀጠን ያለ፣ መረር ያለ፣ ግን ቡና ነው። ቤቱም ሸተተ።

እሷ ከሄደች በኋላ አርብ ማታ 100 ግራሙን 150 አድርጌ እዘፈዝፋለሁ። ቅዳሜ ሽማግሌው ቤት አንኳኳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ደንግጠው ነው የከፈቱልኝ፤ «ምን ተፈጠረ?» አሉኝ። በእኛ ፎቅ በር የሚንኳኳው ውሃ ሲፈስ ወይም ሰው ሲሞት ነውና አልፈርድባቸውም። «ቡና ይጠጡ ብዬ ነው» አልኳቸው። ስለ ለቅሶው ያን ቀን ማንሳት አቃተኝ። ስምንት ወር የዘገየ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» በምን አፍ ይባላል? ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አልኩት። «አውቃለሁ፣ እናትህ ነግራኛለች፤ አላወቀም ብላለች» አሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይም አያድርጉልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ አንዳንድ ቅዳሜ ይቀራሉ። ሲቀሩ ሄጄ አንኳኳለሁ።

ቀዝቃዛውን አይወዱትም። «ሆዴን ይነፋኛል፣ አሙቅልኝ» ይላሉ፤ አሞቅላቸዋለሁ። አተላውን ደግሞ አፈላዋለሁ፤ ሲኒውንም እኔው ነኝ የማጥበው። እናቴ እሁድ እሁድ ስትደውል ከጤናዬ ቀጥላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ትናንት ማን መጣ?»